ለጋሼ ተፈራ ያሳየኋቸው ጉጉቶች

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 7፣ 2022

አምስቱም አሉ። ሦስቱ በለመዱት ጥድ ላይ፣ ሁለቱ ከጎኑ ባለው ላይ። አንደኛዋ አንድ ዓይኗን ከፈት አድርጋ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ንቀት ነው። ደስ አለኝ።

የምሳ ብሬኬ ግማሽ ሰዓት ነው። ከመጋዘኑ የኋላ በር እስከ ኩሬው አምስት ደቂቃ፣ ለመመለስ ሌላ አምስት። በቀረችኝ ሃያ ደቂቃ እቆጥራለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ሳንድዊቼን ቆሜ እበላለሁ። ዕቃ ሲያሽጉ መዋል ወገብ ይቆርጣል፤ እዚያ ስደርስ ግን ወገብ እንዳለኝም እረሳለሁ።

ሊንዳ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሊንዳ ጉጉት የምታጠና ተመራማሪ ናት። ባለፈው ኅዳር ለወፍ ክለባችን በዙም ንግግር አድርጋ ነበር፤ ባለ ረጅም ጆሮ ጉጉቶች የብርዱን ወራት የት ተሰብስበው እንደሚያሳልፉ። ስትጨርስ፣ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ዛፍ የምታውቁ ጻፉልኝ አለች። ጻፍኩላት። መጋዘኑ ያለበት ግሮቭፖርት ድረስ መጥታ አየችና እጄን ጨበጠች። በዚህ በኮቪድ ጊዜ እጅ መጨበጥ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ሁለቱን ነገር ነገረችኝ። በሥራ ቀን ሁሉ ቁጠሪልኝ። ለማንም አትንገሪ።

የክለቡ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቃል። ስለ ሌላ ወፍ ሲሆን የትኛው መንገድ፣ የትኛው ዛፍ ድረስ ይነጋገራሉ። ጉጉት ላይ ሲደርሱ "እዚሁ ካውንቲ ውስጥ" ብለው ዝም ነው። ቦታው ከተወራ ባለካሜራ ይመጣል። ባለካሜራ ከመጣ ጉጉቶቹ በጠራራ ፀሐይ ይበራሉ፤ በብርድ ጉልበታቸው ያልቃል፣ ጭልፊትም ያገኛቸዋል።

ለአንድ ሰው ነገርኩ። ሊንዳ "ለማንም" ስትለኝ ጋሼ ተፈራ "ማንም" ውስጥ አልገቡልኝም።

በ2020 ሁሉ ነገር ሲዘጋ፣ እኔና ልጄ ሶሊያና ፎረስት ፓርክ ሰፈር ያለችው ቤታችን ውስጥ ተፋጠን ስንቀመጥ የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ናቸው፤ ዌስተርቪል ይኖራሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ነው የማውቃቸው። ነይ ወፍ ላሳይሽ አሉኝ። ወፍ! ከሚያፍን ቤት ለመውጣት ነው እንጂ ለወፍ ብዬ አልሄድኩም። ትርፍ ባይናኩላራቸውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፤ እኔ ጠጋ ብዬ አነሳሁ። ማስክ እንዳደረግን እንደዚያ ተማርኩ። ክለቡም ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። እዚያ ያለነው ሐበሾች እኛው ሁለታችን ነን።

ጥር ላይ ወሰድኳቸው። የእኛ ግቢ እንግዳ አያስገባም፤ ለበሩ ጥበቃ "አጎቴ ነው፣ ምሳ አምጥቶልኝ ነው" አልኩት። ጉጉቶቹን ሲያዩ በዚያ ብርድ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ማርያምን፣ ለሰው ትንፍሽ አልልም" አሉ። ይማሉልኝ አላልኩም፤ በራሳቸው ነው የማሉት።

ነገ ማታ ደግሞ የክለቡ ተናጋሪ እሳቸው ናቸው። ሁልጊዜ የሚጋበዙት ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ እሳቸው ስንት ዓመት አባል ሆነው የመጀመሪያቸው ነው። "ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ወፎች" ብለውታል። በፓርኪንግ፣ በቦይ፣ በመጋዘን ጣሪያ ስላሉት። የጉጉት ነገር የለበትም ብለውኛል። የምጨነቀው እኔ ነኝ፤ የምናገረው እኔ ይመስል ሶሊያናን ዙሙን ሦስት ጊዜ አስከፈትኳት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 8

ተናገረ።

ካደረ ነገ ራሴ ሰበብ ልደረድርለት ስለምችል አሁኑኑ ልጻፈው።

መጀመሪያ በጣም ጥሩ ነበር። ሱፍ ለብሷል፣ ክራባት አስሯል። እንግሊዝኛው ቀስ ያለ፣ የሚያምር። (ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ "አንተ" ነው። ፊት ለፊት አልደፍርም፤ እዚህ ግን የራሴ ደብተር ነው።) ስለ ቦይ ዳር ወፎች ሲናገር ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ወደ መቶ ሰው ገብቶ ነበር።

የመጨረሻው ስላይድ መጣ። የእኔ ጉጉቶች። አምስቱም፣ ጆሯቸውን አቁመው። ከእኔ ትከሻ ጎን ቆሞ ያነሳው ፎቶ።

ግን ቦታውን እስካልተናገረ ድረስ ጉዳት የለውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያኔ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ባለ ነጭ ጢሙ ሰውዬ ጠየቀ። እዚህ አገር ዕድሜዬን ሙሉ ወፍ ሳይ አምስት አንድ ላይ አይቼ አላውቅም፤ እርግጠኛ ነህ ፎቶው የእዚህ ነው? አለው። በትሕትና ነው ያለው። በትሕትናው ውስጥ ያለውን እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ጋሼ ተፈራም ሰምቶታል።

ፊቱ ሲቀያየር አየሁ። ቶሎ ብዬ ቴክስት ላክሁለት። "ጋሼ በእናትዎ ቦታውን እንዳይናገሩ።"

ለካ ስክሪኑን ሼር አድርጎ የሚያቀርበው ቴክስት በሚገባበት ታብሌት ነው። መልእክቴ ጉጉቶቹ ራስ ላይ ብቅ አለ፤ በአማርኛ፣ ለመቶ ሰው። አዘጋጇ ሳቅ ብላ "እንዴት የሚያምር ፊደል ነው፣ ምን ይላል?" አለች። እሱም በጣቱ ወደ ላይ ገፋው። "ጓደኛዬ ናት፤ ኮንግራቹሌሽንስ እያለችኝ ነው" አለ።

ከዚያ ለጢማሙ መለሰለት። ግሮቭፖርት፣ መንገዱ፣ የመጋዘኑ ቀለም፣ ኩሬው፣ ከኩሬው በስተጀርባ ያሉት ጥዶች።

በዙሙ ላይ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። መክፈቻው ላይ ጣቴን አድርጌ ነበር። አልከፈትኩም። በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት፣ በክብሩ ቀን፣ አንድ ትልቅ ሰው ማዋረድ አልሆነልኝም። የሚያጨበጭቡ የእጅ ምልክቶች በስክሪኑ ላይ ፈሰሱ። ሊንዳ አልገባችም ነበር፤ ግን ሁሉም ይቀዳል።

ኮንግራቹሌሽንስ!

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 9

አምስት። ሁሉም አሉ። ማንም የለም። ምናልባት ሰው ጨዋ ነው አልኩ።

ከሥራ ስወጣ ከመንገዱ ዳር ሦስት መኪና ቆሟል። አንዱ ሰውዬ የካሜራ መቆሚያ እያወረደ ነው። የሌንሱ ርዝመት ክንዴን ያህላል።

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለጋሼ ተፈራ ደወልኩ። ገና ሃሎ ሳልል "እንዴት ነበር? አልፈራሁም አይደል?" አለኝ። የሚያስቀው፣ ለአንድ አፍታ "አልፈሩም" ብዬ ልመልስለት ነበር።

ቴክስቴን ጠየቅኩት። "የቱን ቴክስት? እኔ ምንም አላየሁም" አለ። በጣትዎ ገፉት እኮ፣ መቶ ሰው አይቷል አልኩት። ከዚያ ቁጣ ሆነ። "ያ ሰውዬ እኮ ፎቶውን ከኢንተርኔት ዳውንሎድ ያደረግኩት አስመሰለኝ! ዝም ብዬ ሌባ ልባል? ስንት ዓመት ታክሲ ስነዳ ከየት ነህ፣ የእውነት ከየት ነህ ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን እንኳን አዎ፣ አውቃለሁ፣ እዚህ ነው ልበል እንጂ!"

ገብቶኛል። እሱ ነው ያናደደኝ፤ መግባቱ። ማርያምን ብለው ምለውልኝ ነበር አልኩ። "ወፍ ናት እኮ፣ ወለተ" አለኝ።

ወፍ ናት እኮ! ወፍ ብቻ እንዳልሆነች ያስተማረኝ ማን ሆነና?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 10

ሦስት።

በኩሬው አጠገብ ባለው ቦይ በኩል አጥሩን ከታች አንስተው ገብተዋል። ሰባት ሰው ቆጠርኩ። ጉጉት ልቆጥር ሄጄ ሰው ቆጠርኩ። አንዷ ሴትዮ ለባሏ ጸጥ በል እያለች ራሷ ትጮኻለች። አንድ ወጣት ዱላ አንስቶ ግንዱን ያንኳኳል፤ ዓይናቸውን እንዲከፍቱለት ነው።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ አንዱ ከኪሱ ትንሽ ካርቶን አወጣ። ከመደብር የተገዛች ነጭ አይጥ። በረዶው ላይ ወረወራት፤ ጉጉቶቹ ሲወርዱ ፎቶ ሊያነሳ። አይጧ መሸሽ እንኳ አታውቅም፤ ባለችበት ትንቀጠቀጣለች። የዱር አይጥ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ጉድጓድ ገብታለች።

ጮህኩ። በምን ቋንቋ እንደጮህኩ አላውቅም። "ሌዲ፣ ካልም ዳውን፣ ይህ ቦታ እኮ ፐብሊክ ሆኗል፤ ክለቡ ላይ ተነግሯል" አለኝ ባለ አይጡ። ክለቡ ላይ ተነግሯል።

የበሩ ጥበቃ እየሮጠ መጥቶ አስወጣቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና በለሰለሰ ድምፅ "ያ አጎትሽም እነዚህን ያውቃል?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። ውሸት ቁጥር ሁለት።

አይጧን በሳንድዊች ፌስታሌ ይዤ ገባሁ። ሱፐርቫይዘሬ ፌስታሉን አየና ወደ ሥራው ዞረ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 11

በኋላ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛ በብሬክ ወደ ኩሬው መሄድ አይችልም። የሲጋራ ሰዎቹ ተነጫነጩ። በማን ምክንያት እንደሆነ አያውቁም።

ከፓርኪንጉ ጥግ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ በባይናኩላር ቆጠርኩ። አንድ። በሌላኛው ጥድ ጫፍ ላይ፣ ብቻዋን፣ ሰውነቷን አሹላ ቅርንጫፍ ለመምሰል ትሞክራለች። ስትፈራ ነው እንደዚያ የምትሆነው።

ከክለቡ ሁለት ኢሜይል መጣ። አንደኛው ለአቶ ተፈራ ድንቅ ንግግር ምስጋና፣ ፎቶ ያለው። ሁለተኛው ከሊንዳ፣ ለአባላት በሙሉ። እባካችሁ ወደ ጉጉቶቹ አትሂዱ፣ የሄዳችሁም ለሌላ ሰው አትንገሩ። የማንንም ስም አልጠራችም። ለእኔ ለብቻዬ ምንም አልጻፈችም። ቁጥሩን በየቀኑ እየላክሁላት ነው፤ አምስት፣ ሦስት፣ አንድ።

ከሰዓት ጋሼ ተፈራ ደወለ። አሁን ሐሳብ አለው። ሊንዳ ከጠየቀች ራሴ ፈልጌ አገኘኋቸው እላለሁ፤ አንቺ በነገሩ የለሽበትም፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ምን ትለኛለች? አለ። እንደ ስጦታ ነው ያቀረበልኝ።

ልጻፈው፤ ለራሴ ካልዋሸሁ። እሺ ልል አንድ ፊደል ነው የቀረኝ። አስብበታለሁ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 12

ሥራ የለም። ቆጠራ የለም። የሠራሁት፦ ልብስ አጠብኩ። ለነጯ አይጥ ሣጥን ፈለግኩ። ሣጥኑ ከሥሩ ራሰ፣ ሌላ ፈለግኩ። ተቀምጬ ተናደድኩ። ቆሜ ተናደድኩ።

ሶሊያና በመጨረሻ ስልኳን አስቀምጣ ምን ሆነሻል አለችኝ። ከመጀመሪያው ነገርኳት። ጥበቃውን፣ መሐላውን፣ ቴክስቱን፣ ኮንግራቹሌሽንሱን። እዚያ ላይ አፏን ያዘች፤ "ኖ ሂ ዲድንት!" አለች። ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ከእኔ ወገን ሆነልኝ። እንዴት ያለ ክህደት ነው አልኳት። የታመነ ሰው፣ አባት የሆነኝ ሰው፣ አደራ በልቶ!

ሰምታ ሰምታ "በት ማም፣ ዩ ቶልድ ሂም" አለችኝ።

እኔ ለእሱ መንገሬ ሌላ ነገር ነው አልኳት። "ኦኬ" አለች፤ ስልኳን አነሳች። የዚህ አገር ልጆች "ኦኬ" ሲሉ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኛል።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 13

ቅዳሴ ላይ በወንዶቹ በኩል ቆሞ ነበር። አላየሁትም፤ ማለት አይቼው አላየሁትም። ሲያበቃ በጎን በር ወጣሁ።

አላመለጥኩም። እትዬ ብርቄ መኪናዬን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሼ ተፈራ ሽማግሌ ልኮብኛል! እትዬ ብርቄ ትዳር ሲያስታርቁ ስንት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። ታላቅሽ ነው፣ ክፉ ቀን አብሮሽ ያለፈ ሰው ነው፣ ነገ ጾመ ነነዌ ይገባል፣ በቂም አይጾምም። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ለመሆኑ በምንድን ነው የተጣላችሁት? አሉኝ። አልነገራቸውም ማለት ነው።

በጉጉት አልኳቸው።

"በምን?"

ጉጉት። ማታ የምትጮኸዋ። አምስት ነበሩ፣ በእሱ ምክንያት ሄዱ።

እትዬ ብርቄ አማተቡ። "እንኳን ሄዱ! ጉጉት አምስት ሆና መሥሪያ ቤትሽ ደጃፍ ላይ? እሱን እኮ ልታመሰግኚው ይገባል!" አሉ። ከልባቸው ነው። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። አቀፉኝና ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ደክሞሻል አሉኝ።

መኪናዬን ሳስነሳ ጋሼ ተፈራ ከደረጃው ላይ ኮፍያውን ይዞ ቆሟል። አጎንብሼ ሰላም አላልኩትም። በሕይወቴ ትልቅ ሰው ሰላም ሳልል ሳልፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ቤት ድረስ ይኸው ሲከነክነኝ ሄደ፤ በዚህም ተናደድኩበት።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 14

ዜሮ።

ሁለት ጊዜ አየሁ። ሁለቱንም ጥድ ከላይ እስከ ታች። አጥሩን ጠግነውታል፣ ባለካሜራዎቹ የሉም፣ በረዶው ላይ የሰው ዱካ ብቻ። አሁን ፀጥ ብሏል፤ አሁን ቢመጡ ይመቻቸው ነበር።

ዜሮ ብዬ ላክሁ። ጾም ስለሆነ ሳንድዊች የለም፤ ሃያ ደቂቃው ረዘመብኝ። ምናልባት ሌላ ጥድ አግኝተዋል። ምናልባት አንደኛዋን ጭልፊት ይዟታል። ይህን በፍጹም አላውቅም፤ ይህ ነው የሚበላኝ።

ሊንዳ ጻፈች። አንድ መስመር። ነገ ከሥራ በኋላ ልደውል?

ጋሼ ተፈራም ጽፏል። "ከጠየቀችሽ ያልኩሽን አትርሺ።"

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 15

ሊንዳ ደወለች። መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ። እሷ ከመጀመሯ በፊት እኔ ነኝ ለእሱ ያሳየሁት አልኳት። ጥበቃውን ዋሽቼ አስገባሁት አልኳት። ያዘጋጀሁት ረጅም ነገር ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ግን እዚህ ላይ አለቀ።

አልጮኸችም። "አውቃለሁ" አለች። ቦታውን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነበርን፤ እኔ አልተናገርኩም፤ በማግስቱ ትደውዪልኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ፤ በየቀኑ ቁጥር ትልኪልኛለሽ፣ ከቁጥሩ ሥር ምንም የለም፤ እስከ ትናንት ጠበቅኩ አለች።

ሳምንቱን ሙሉ እኔ ከዳኝ፣ ከዳኝ እያልኩ ስሞላው በነበረው ደብተር ውስጥ ለካ ሌላ የተከዳች ሰው ነበረች። ይቅርታ አልኩ። እሺ አለች፤ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። የሚመጣው ዓመትም እኔ እቆጥር እንደሆነ ጠየቅኳት። አሁን መልስ የለኝም አለች። የዘንድሮውን እስከ ማርች ድረስ ቁጠሪ፤ ባዶ ቢሆንም ቁጠሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠየቀችኝ። ከቆጠራው ሠንጠረዥ ጎን "ረብሻ ካለ ምክንያቱ" የሚል ክፍት ቦታ አለ። ከአምስት ወደ ዜሮ ለምን እንደወረደ ጻፊ፤ ካልተጻፈ፣ በኋላ የሚያነበው ሰው ብርዱ ነው፣ ወይም በራሳቸው ሄዱ ይላል። ማን ለማን እንደነገረ፣ በየትኛው ቀን። የእኔ ፋይል ላይ ብቻ ይቀመጣል አለች።

የራሴን ስም ጻፍኩ። ቀላል አልነበረም፣ ግን ጻፍኩት። ከዚያ "ለ" ብዬ ቆምኩ። ለጓደኛ? ለአንድ የክለብ አባል? ስሙ ፊት ለፊቴ ነው፤ ጣቴ ግን አልሄደም። ዝም ብዬ ብጽፈው እሱ እንዳደረገኝ ማድረግ ሆነብኝ። ብተወው ደግሞ ያው ውሸት ነው፤ ስንተኛ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ደወልኩለት። ከረቡዕ ወዲህ እኔ ስደውል የመጀመሪያዬ ነው። ለሊንዳ ነግሬያታለሁ አልኩት፤ ሁሉንም። ራሴ አገኘኋቸው የሚሉት ነገር ከእንግዲህ አይሠራም። አሁን ደግሞ እንድጽፈው ጠይቃኛለች፣ ስምዎን ልጽፍ ነው፣ ሳልነግርዎት አልጽፍም ብዬ ነው የደወልኩት።

ቴሌቪዥኑ ከኋላው ይሰማል፤ ከዚያ ድምፁ ተቀነሰ።

"ቴክስትሽን አይቼዋለሁ" አለ።

አውቃለሁ አልኩት።

"አይቼ ነው የተናገርኩት። በዚያች ደቂቃ ማርያምም ትዝ አላለችኝም፣ አንቺም ትዝ አላልሽኝም።" ትንሽ ተነፈሰ። "ጻፊው። ተፈራ ብቻ አትበይ፣ ተፈራ ብዙ አለ። ከነአባቴ ጻፊው።"

ከነአባቱ ጻፍኩት። ቀኑን ጻፍኩ፣ የተናገረበትን ሰዓት ጻፍኩ፣ ቴክስቱን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ እንዳለ ጻፍኩ። ይቅር አላልኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሁለት መስመር ነው የሆነው፤ እሱን ለመጻፍ ግን አንድ ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጬ እግሬ ደንዝዟል።

ላክሁት። ሊንዳ እስካሁን አልመለሰችም።